እትዬ አያልነሽና የጭቃ እናታቸው

የእትዬ አያልነሽን ማረፍ የነገረችኝ ወዳጃቸው በዳቱ ናት። ስልኩን ሳነሣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ቲቸር፣ እትዬ ዐረፉ» አለችኝ። አፍንጫዋን ስትጠራርግ ከቆየች በኋላ፣ «ጭቃውንስ ምን ላድርገው? ውሃ ላጠጣው ወይስ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለማያውቀን ሰው ይህ የእብድ ጥያቄ ይመስላል። ሰው ሞቶ ስለ ጭቃ ይጠየቃል? እኔ ግን እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እትዬ አያልነሽ ራሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጭቃው ነበር።

«ዛሬም አጠጪው፤ እመጣለሁ» አልኳት።

እትዬ አያልነሽ ቀራፂ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሥነ ጥበብ ተምረዋል፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥዕል አስተምረዋል፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜያቸው ሁሉ እንጨትና ጭቃ ሲጠርቡና ሲያድበለብሉ ኖረዋል። እኔ ያወቅኋቸው ከደሴ ተቀይሬ አዲስ አበባ ስመጣ ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቀበና ወንዝ ዳር ባለው ግቢያቸው ውስጥ የምትከራይ አንዲት ሰርቪስ ቤት አለች ተብዬ ደላላ ይዞኝ ሄደ።

በሩን የከፈቱልኝ የወንድ ካፖርት ደርበው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኖ ነው። ግቢም አላሉኝ፣ ቁጭ በይም አላሉኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«እስቲ ዙሪልኝ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ዙሪ፤ ጀርባሽን ልየው።»

ቤት ስፈልግ ብዙ ዓይነት አከራይ አይቻለሁ። ባል አለሽ ወይ የሚል አለ፤ ውሃ ታበዣለሽ ወይ የሚል አለ፤ እንግዳ አይመጣም፣ ሽንኩርት አይጠበስም የሚልም አጋጥሞኛል። ዙሪ ያለኝ ግን የለም። ደላላውን ባየው እሱም አፉን ከፍቷል። ምን ይደረግ፣ ዞርኩ።

«ተናደሽ ነው የመጣሽው» አሉኝ ከኋላዬ። «ትከሻሽ ጆሮሽ ሥር ደርሷል። ይኼ ሰውዬ ፀሐይ ላይ ሲያንከራትትሽ ውሏል መሰለኝ። በይ ግቢ፤ ቤቱን ውሰጂው።»

እውነታቸውን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሽቅብ ቁልቁል ሲያመላልሰኝ ስለዋለ በሆዴ እየረገምኩት ነበር። ደላላው ከዚያ ወዲያ እትዬን ጠንቋይ ናቸው ብሎ እንዳስወራባቸው ኋላ ሰማሁ።

በኛ አገር ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው። ታክሲ ውስጥ እንኳ ከፊት የተቀመጠ ጨዋ ሰው ዞር ብሎ «ጀርባዬን ይቅርታ» ይላል፤ ከኋላ ያለውም «አበባ ጀርባ የለውም» ብሎ ይመልስለታል። እትዬ አያልነሽ ፊት ይህን የተናገረ ሰው ግን ጉዱ ፈላ። «አለው እንጂ! ጀርባ ከሌለው በምን ቆመ?» ብለው ይነሡበታል። አበባ ቆርጠው አምጥተው ገልብጠው እስኪያሳዩት ድረስ አይለቁትም። «ፊትማ ይዋሻል፤ ሲከፋው ይስቃል፣ ሲጠላ ይሳለማል። ጀርባ መዋሸት አልተማረም» ይላሉ።

እንግዳ ሲሸኙ ደግሞ ነበር የሚያስቁት። ማንም ይሁን ማን፣ ጭቃ እጃቸውን በካፖርታቸው እየጠረጉ እስከ ውጪ በር ድረስ ወጥተው፣ እንግዳው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆመው ያዩታል። ሠፈሩ ሁሉ «የእትዬ አያልነሽ አክብሮት!» እያለ ያመሰግናቸዋል። አክብሮትስ ነበራቸው፤ ግን የሚሸኙት ጀርባውን ሊያዩ ነው። ተመልሰው ሲገቡ፣ «ያቺ ልጅ ባሏ ይመታታል» ወይም «ይኼ ሰውዬ አንድ እግሩን ያመዋል፣ ለሚስቱ አልነገራትም» ይሉኛል። እኔም፣ «እትዬ፣ ይኼ ሐሜት አይደለም?» እላቸዋለሁ። «ሐሜት እኮ ለሌላ ሲነገር ነው፤ አንቺ የቤት ሰው ነሽ» ይሉኛል። በዚያ ግቢ የቤት ሰው መሆኔን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው።

የሥራ ቤታቸው ከግቢው ጥግ ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። ገብቶ ለሚያያት ሰው ሁሉም ተኳርፎ ጀርባ የሰጠው ይመስለዋል። ልብስ የምታጥብ ሴት ጀርባ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ጀርባ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች ሴት ጀርባ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተንበረከከች ሴት ጀርባ። አንዷ እንጨት ናት፣ አንዷ ሸክላ ናት፣ አንዷ ድንጋይ ናት። ከኋላ ሲታዩ የነጠላቸው እጥፋትና የትከሻቸው አጥንት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዞሮ ከፊት የሚያያቸው ሰው ግን የሚያገኘው ያልተነካ ግንድ ወይም ድንጋይ ነው፤ አንዳንዱ ግንድ ላይ ቅርፊቱም አልተነሣም።

አንድ ጊዜ ሥራዎቻቸው ለእይታ ሲቀርቡ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አንዲት ዘናጭ ሴት መነጽሯን ከፍ አድርጋ ቅርፁን ዞረችው፣ ዞረችውና፣ «ይቅርታ፣ ይኼኛው አላለቀም እንዴ?» አለቻቸው።

«እኔስ ጨርሻለሁ፤ ያልጨረስሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «ተመለሽና ከኋላ ሆነሽ እይው። እዚያ ጋ ቁሚ። እዚያ የቆምሽበት ቦታ የኔ ነው፤ አውሼሽ ነው።»

ሴትዮዋ የተሰደበች መስሏት ሄደች። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም፤ ስድብ ነው ብዬ ሳቅሁ።

የገባኝ አንድ ክረምት ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከሥራ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብለን ወንዙ ሲሞላ እናያለን። ከወዲያ ማዶ በእንጦጦ መንገድ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። እትዬ አያልነሽ ዓይናቸውን ከእነሱ ሳያነሡ፣

«እናቴ ጫልቱ ትባል ነበር» አሉ። ስለ እናታቸው ሲያወሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «በዚያ መንገድ ነበር የምንወርደው። መንገዱ ቀጭን ነው፤ ጎን ለጎን አያስኬድም። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የማየው ጭራሮውን፣ ደረቷ ላይ የሚታሰረውን ገመድ፣ ተረከዟን ነው። ሸክም ያለበት ሰው ዞሮ ማየት አይችልም፤ ዞር ካለ ይወድቃል። ስለዚህ ሳትዞር 'ኮቱ! ኮቱ!' ትለኛለች። ነይ፣ ነይ ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ። እኔም እንዳልጠፋሁ እንድታውቅ 'እሺ' እላለሁ። ቀበና እስክንደርስ 'ኮቱ' 'እሺ'፣ 'ኮቱ' 'እሺ'።»

«ፊታቸውስ?» አልኳቸው።

«ስንነሣ ጨለማ ነው። ስንገባም ጨለማ ነው። ፊቷን በጨለማ ነው ያየሁት፤ ትዝ አይለኝም። ፎቶ የሚባል ነገር አልነበራት።»

ዝናቡ ጋብ ሲል የቀረውን ነገሩኝ። አንድ ክረምት እናታቸው ታመመች። አብረዋት የሚወርዱት ሴቶች እንጦጦ ላይ ቀበሯት፤ እድር የላት፣ ዘመድ የላት፣ ዝናብ ነው፣ ማንም አልቆመላትም። ሕፃኗን አያልነሽን እናቷ እንጨት ትሸጥላቸው የነበሩ የቀበና ወይዘሮ ወስደው አሳደጓት። ወይዘሮዋ ደግ ሴት ነበሩ፤ ግን ልጅ አይረበሽ ብለው «እናትሽ እንጨት ለቀማ ሄዳለች» አሏት።

«እኔም ጠበቅኋት» አሉ እትዬ አያልነሽ። «ስጠብቅ ስጠብቅ እንደማትመጣ ገባኝ። መቼ እንደገባኝ አላውቅም። መርዶ አልተነገረኝም፤ አላለቀስኩም፤ ማንም አላለቀሰላትም። ሲገባኝ ደግሞ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው እብድ ነው ይባላል።»

«ታዲያ ለምን እሳቸውን አይቀርፁም?»

ዘወር ብለው አዩኝ። «የማንን ጀርባ ስቀርፅ የኖርኩ መሰለሽ? በሌላ ሴት እያመካኘሁ ስሸሻት ነው እንጂ።»

በዚያው ሰሞን ጀመሯት። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተው ከበዳቱ ጋር ጭራሮ ለቅመው መጡ። በዳቱ በልጅነቷ እንጨት ስትሸከም ያደገች፣ አሁን ግን እዚያው እንጦጦ ፎጣ እየሸመነች የምትኖር ወዳጃቸው ናት። የሴቲቱን አካል በእንጨትና በጭድ አቆሙት፤ ከላዩ ጭቃ ለበጡት። ጭራሮውን ደግሞ እውነተኛውን፣ ጭቃው ሳይደርቅ ጀርባዋ ላይ እየተጫኑ ተከሉት። ቁመቷ ከሰው ቢያንስም ጎንበስ ያለችበትን አኳኋን ያየ ሰው ወገቡን ሳይዝ አያልፍም።

በዚህኛው ሥራ ግን አንድ ልዩ ነገር ነበር። እትዬ አያልነሽ ከፊትም ሊሠሯት ፈለጉ። የእናታቸውን ፊት ማየት ፈለጉ። ጠዋት ጠዋት በርጩማ ይዘው ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ፤ ጭቃ ያድበለብላሉ፤ እጃቸውን ወደ ፊቷ ያነሣሉ፤ ይመልሱታል። «ማንን ልሥራ? የሰው ፊት ለጥፌባት እናቴ ናት ልበል?» ይላሉ። ፊቷ ሜዳ እንደሆነ ቀረ።

ጭቃ ደግሞ ካልረጠበ ይሰነጠቃል። በጀሶ ቅጂው እስኪወጣ ድረስ ማለዳና ማታ ውሃ እየረጩ፣ በርጥብ አንሶላ መጠቅለል አለበት። ቅጂው የሚወጣው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ፊቱ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ማለቂያ አጣ። የግቢው ሰው ሁሉ በተራ ያጠጣታል፤ አንሶላዎቹም ገመድ ላይ ተሰጥተው ይውላሉ። ከኪራዬ ጋር የተጨመረብኝ ግዴታ ነበር። «እናታቸው ጠጡ?» እንባባላለን። ስሟ በግቢው ውስጥ «የእትዬ እናት» ሆነ።

እንዲህ እያለን ሳለ ሠፈራችን ለወንዝ ዳር ልማት እንደሚነሣ ተነገረን። ሁሉም በየፊናው ዕቃውን መጫን ጀመረ። ለእትዬ አያልነሽ አያት ሠፈር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሄደው አዩትና፣ «ቤቱ ጥሩ ነው፤ እኔ እወጣዋለሁ፣ እሷ ግን ደረጃውን አትወጣውም» አሉ። በዳቱ «ጓሮዬ ያለው ቆርቆሮ ቤት ባዶ ነው፣ አምጧት» አለች። ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነበር። ወደ ግቢያችን የሚያስገባው መንገድ ለመኪና አይበቃም፤ የጭነት አይሱዙው አስፋልት ላይ ሆኖ ይጠብቃል። እርጥብ ጭቃ በዚያ ኮረብታና ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ ከተናጋ ያበቃለታል። እትዬ አያልነሽ በዚያ ሳምንት እህል አልቀመሱም ብል አላጋነንኩም። «ሁለተኛ ልቀብራት ነው» ይሉ ነበር።

መላውን ያመጣው ጎረቤታችን ፍቃዱ ነው። ፍቃዱ አዳዲስ ቤቶች ላይ የጂፕሰም ኮርኒስ የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ግን ልቡ ንጹሕ ሰው ነው። «በቃሬዛ ነዋ! ሬሳ በዚህ መንገድ ስንት ዘመን ሲወጣበት የኖረ አይደለም?» አለና የእድሩን ዕቃ ቤት ጠባቂ ለምኖ ቃሬዛውን ይዞ መጣ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ አልነበሩም፤ ቢኖሩ ኖሮ አይፈቅዱም ነበር።

በነጭ ርጥብ አንሶላ ጠቀለልናት። እንዳይደርቅ ከላዩ ላስቲክ፣ ላስቲኩ እንዳይንሸራተት ደግሞ የፍቃዱን ጋቢ ደረብንበት። በደረቷ አስተኛናት፤ ፊት ስለሌላት የሚጎዳ ነገር አልነበራትም። ጠና ጠና ያሉ ወንዶች አራቱንም ጫፍ አንሥተው ወጡ። እትዬ አያልነሽ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ከኋላ ይከተላሉ። እኔ ክንዳቸውን ይዣለሁ። ይህን አሁን ስጽፈው ምን እንደምንመስል ይታየኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልታየውም።

ሱቁ በር ላይ የቆሙ ሰዎች ኮፍያቸውን አወለቁ። ለከባድ ሸክም መንገድ መልቀቃቸው መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቃሬዛውን በአንድ እጃቸው ደገፉና ፍቃዱን፣ «ማን ናቸው?» አሉት።

ፍቃዱ ትንፋሽ አጥሮታል። «የእትዬ አያልነሽ እናት» አለ።

ልማድ ሆኖበት ነው፤ ግቢው ውስጥ እንዲያ ነበር የምንጠራት። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ አስፋልት ደረሰ። ቀብር ሲያልፍ ሳይከተል የሚቀር ሰው በኛ ሠፈር የለም። አንዱ ሱቁን ዘጋ፤ አንዷ ሊጥ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ወጣች፤ ሌላው እየሮጠ መጥቶ አንዱን ጫፍ ተቀበለ። ከኋላዬ ሹክሹክታው ይሰማኛል።

«እናታቸው እስከ ዛሬ ነበሩ እንዴ?»

«ደብቀው ሲያስታምሙ! ለካ ያ ሁሉ አንሶላ በየቀኑ የሚሰጣው ለዚህ ኖሯል።»

«ጎባጣ ነበሩ መሰለኝ፣ ምስኪን። ጋቢው ሥር አይታይሽም?»

«እትዬ፣ ሰዉ ተሳስቷል፤ ይንገሯቸው እንጂ! ኋላ ይጣሉናል» አልኳቸው በጆሯቸው።

እትዬ አያልነሽ ቆመው ወደ ኋላ ዞሩ። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ነጠላ ሆኗል። እንዲያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

«ቆይ» አሉኝ። «አልተለቀሰላትም ብዬሽ የለ? ቆይ፤ ትንሽ ይለቀስላት።»

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ፣ አይሱዙው አጠገብ ቃሬዛውን ዝቅ አደረጉት። የሠፈሩ አልቃሽ እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው መጡ። እማማ ዘነቡ ስለ ሟች ሳይጠይቁ አያለቅሱም። «ምን ነበሩ እናትሽ፣ አያልዬ?» አሉ።

«እንጨት ተሸካሚ» አሉ እትዬ አያልነሽ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነብኝ። «ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ቀበና ትወርድ ነበር።»

እማማ ዘነቡም ሙሾውን አወጡት፤

ዕድሜዋን በሙሉ ስትሸከም ኖራ፣
ዛሬ ሰው ይሸከማት ደረሰ የሷ ተራ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እትዬ አያልነሽ ካፖርታቸውን አውልቀው ጣሉና ደረታቸውን እየመቱ፣ «እናቴ! እናትዬ!» እያሉ አለቀሱ። ያቺ ሰው ሁሉ በምላሷ የሚፈራት ሴት! እኔም ነገሩ ጭቃ መሆኑን የማውቀው እኔ፣ ከሁሉ ብሼ ተንሰቀሰቅሁ።

ጋሽ ታደሰ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሥርዓት የጎደለ ነገር አይወዱም።

«ሰው ሞቶ ለእድር አይነገርም? ቀብሩስ የት ነው?»

ሁሉም ፍቃዱን አየው። ፍቃዱም፣ «በበዳቱ ጓሮ ነው የምናስቀምጣቸው» አለ።

«ጓሮ?»

ልቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ አያልነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ቃሬዛው ሄዱ፤ ጋቢውንና ላስቲኩን አንሥተው አንሶላውን ገለጡት። ጭቃና ጭራሮ ወጣ። አንድ ጎረምሳ ሳቀ። እማማ ዘነቡ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «እኔ ለጭቃ ነው ያነባሁት?» አሉ፤ ከወዲያ ወዲህም «ተጫወቱብን» የሚል ጉምጉምታ ተነሣ። ሰው በሐዘን ከተቀለደበት ይቅር አይልም፤ እንኳን ሊሸከሙልን ቃሬዛውን ነጥቀው ጭቃውን እዚያው አስፋልት ላይ ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። እትዬ አያልነሽ ግን ለማስተባበል አልሞከሩም። ጋሽ ታደሰን ቀና ብለው እያዩ ቆሙ።

ጋሽ ታደሰ ጀርባውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ገመዱ ትከሻ ላይ የገባበትን፣ ወገቡ የተሰበረበትን።

«እናትሽ መቼ ሞተች?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሕፃን ሆኜ።»

«መርዶ ተነግሮሽ ነበር?»

«አልተነገረኝም።»

«ለቅሶ ተቀምጠሽላታል?»

«አልተቀመጥኩም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ታዲያ ምን ትጎመጉማላችሁ?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «መርዶ ሲዘገይ ይቀራል ያለው ማነው? የሰው እናት ናት። በሉ ያዙ! ፍቃዱ፣ ወዲያ በል፤ ይኼን ጫፍ እኔ እይዛለሁ።»

እማማ ዘነቡም ጎንበስ ብለው ጭራሮውን ነካ ነካ አደረጉት። «አስተሳሰሩ ልክ ነው» አሉ። «አውቀሻታል፤ አውቀሽ ነው የሠራሻት።» ከዚያ ከቆሙበት ቀጠሉ።

የዚያን ቀን የተደረገውን ያላየ አያምነኝም። ግማሹ ሠፈር አይሱዙው ላይ ተሳፈረ፤ ወንዶቹ ቃሬዛው እንዳይናጋ ከነጭቃው አቅፈው ያዙት፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ሽቅብ በባሕር ዛፉ መሐል እንጦጦ ወጣን። በዳቱ አንድ ጭቃ ስትጠብቅ መኪና ሙሉ ሐዘንተኛ ሲመጣባት መጀመሪያ ጮኸች፤ ሲነገራት ደግሞ ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ጣደች። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አቆምናት። አንድም ስንጥቅ አልነበረባትም። ሰዉ ንፍሮውን ቆርጥሞ፣ እትዬ አያልነሽን በየተራ አቅፎ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ወረደ። ሠፈሩ በአንድ ላይ ያለቀሰው የመጨረሻ ልቅሶ ያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተበታተንን።

እትዬ አያልነሽ አያት ገቡ። ጠዋት ጠዋት በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ፣ የቀረውን በእግር እያሉ በበዳቱ ጓሮ ይውላሉ። ጎረቤቶቻቸው የሚያውቋቸው ጭቃ ጫማ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ነው። እኔ የምሠራው የከተማው ሌላ ጫፍ ስለነበር ብዙ ወራት አላየኋቸውም። አንድ ቅዳሜ ደውለው «ነይ፤ አንድ ነገር ላሳይሽ» አሉኝ።

ስገባ ጭራሮው መሬት ላይ ተከምሯል። እናታቸው ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። እንጨቱ ተነቅሎ የወጣበት ጉድጓድና የገመዱ መስመር ብቻ ጭቃው ላይ ታትሞ ቀርቷል።

«ምን ነክቷት ነው?» አልኩ ደንግጬ።

«ምን ይነካታል? ዐርፋ ነው እንጂ» አሉ። «ተለቀሰላት። ሰው ተሸከማት። ያረፈ ሰው እንጨት ምን ያደርግለታል?»

«ጉድጓዱንስ አይደፍኑትም?»

«የኖረችውን ልደብቅባት?» አሉና ወደ አንገቷ ወሰዱኝ። ጎንበስ ያለው አንገት ቀና ማለት ጀምሯል። በጣም በጥቂቱ ደግሞ ዞር ብሏል፤ ጆሮዋ ብቅ ብሏል፤ የጉንጯ ጫፍ ይታያል። «ሸክም ያለበት ሰው አይዞርም ብዬሽ አልነበረም? አሁን ትችላለች።»

«ፊታቸውን ሊሠሩት ነው ማለት ነው?» አልኩ በደስታ።

«እኔ አልሠራውም፤ እሷ ስትዞር አየዋለሁ። የጠበቅኋትን ያህል ጠብቄ አሁን አላጣድፋትም።» ከዚያም ለበዳቱም ለእኔም እንደ ትእዛዝ አድርገው፣ «አትቸኩሏት» አሉን።

ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆዩም። ልባቸው ደክሞ ደረጃውን መውረድ ሲያቅታቸው፣ በዳቱ በየቀኑ እየደወለች «ጠጥታለች» ትላቸዋለች፤ «ተመስገን» ይላሉ። እንዲህ እያሉ ዐረፉ።

ቀብራቸው እዚያው ኪዳነ ምሕረት ሆነ። የድሮ ሠፈራችን ሰው ከያለበት፣ ከአያት ሠፈርም ከሌላውም፣ ተጠራርቶ መጣ። ጋሽ ታደሰ ያን ቃሬዛ አስመጥተዋል። እማማ ዘነቡ አፋቸውን ከፍተው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው፤ አልቃሿ ራሷ በሌላ ሰው ተደግፋ ሄደች። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር። መንገዱ ቀጭን ነው፤ ጎን ለጎን አያስኬድም። የማየው የተሸካሚዎቹን ተረከዝና ነጩን ጨርቅ ነው፤ በልቤ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሄድኩ።

ከሰልስቱ በኋላ ፍቃዱ ጀሶውንና ባልዲውን ይዞ መጣ። ቅጂው ካልወጣ፣ በዳቱ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስታጠጣ ልትኖር ነው፤ ከተተወ ደግሞ ይፈርሳል። ስለዚህ እንዳለች ትቀዳ ብዬ ወስኛለሁ። በዳቱ አንሶላውን ገለጠችና ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ ረጨቻት።

አንገቷ እኔ ካየሁት ትንሽ አልፎ ዞሯል። ከጉንጯ ጫፍ ወዲያ ግን ጭቃው ለስላሳ ሜዳ ነው፤ የእትዬ አያልነሽ አውራ ጣት ያለፈበት አሻራ ብቻ አለበት።

ፍቃዱ ወደ ፊት ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ቲቸር፣ ፊቱ አላለቀም እኮ። እኔ የኮርኒስ ሰው ብሆንም፣ ዓይንና አፍንጫ ብጤ አያቅተኝም። እንዲህ ሆኖ ከሚቀር ትንሽ ላስተካክለው?»

እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ሳላውቀው፣ ያቺ ሕፃን ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

«ተዋት፣ ፍቃዱ» አልኩት። «አትቸኩላት። እየዞረች ነው።»